የጋሽ ታፈሰ መዳፍ

እኔን ሌባ! እኔን ውድነሽን! ሃያ ዓመት ቴፒ ገበያ እርድ ፈጭቼ ስሸጥ የማንንም ቁንጥር ነክቼ አላውቅም።

የቤተ ክርስቲያናችን ገበሬዎች አሥራታቸውን በቡና ያመጣሉ። በሚቆለፈው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ማታ ላስቲክ ይለብሳል። ቁልፉ እኔና ሽማግሌው ጋሽ ታፈሰ ጋ ነበር። ዘንድሮ ቡናው መጉደል ጀመረ። ታዲያ ጋሽ ታፈሰ ቀድሞኝ ጉባኤ ፊት ቆመና እንባ እየተናነቀው «እህታችን ተፈትናለች» አለ። አይ ድራማ! ቁልፉን ተቀበሉኝ፤ ከጌታ እራት ታገድኩ። ልጄ ትዝታ አፍራ ከመዘምራን ቀረች።  ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። እምቢ!

ቅዳሜ አመሻሽ ከሴቶቹ ጋር ለጽዳት ግቢው ስንገባ፣ ላስቲኩ በሚጨበጥበት ጠርዝ፣ ከሥሩ፣ የላመ እርድ ነሰነስኩ። ደረቅ ዱቄት ሲያራግፉት ይበናል። ጤዛ የነካው ግን የቆዳ ሽንትር ውስጥ ገብቶ ሙጭጭ ይላል፤ ሳሙና ሲያገኘው ጭራሽ ይቀላል። የሚያስለቅቀው ዘይት ነው። የራሴን እጅ በዘይት አሽቼ ጠረግሁና ተኛሁ።

እሁድ ከአምልኮ በፊት ላስቲኩን ማንም አይገልጥም።

ፓስተር አሮን «እጃችንን እናንሳ» አለ። ሁሉም አነሳ። ጋሽ ታፈሰ ብቻ እጁን ኮቱ ኪስ ከቶ ቆሟል።

«ጋሼ! ዛሬ ለጌታ እጅ የለም እንዴ?» ብዬ ከኋላ ጮህኩ።

ጉባኤው ዞረ።  ጋሽ ታፈሰ ቀስ ብሎ እጆቹን አወጣ፤ መዳፉ ቢጫ፣ የጥፍሩ ዙሪያ ቀይ። ሲፈትግ ነው ያረፈደው!

«ላስቲኩ ሥር እርድ የነሰነስኩት እኔ ነኝ፤ ሄዳችሁ እዩ» አልኩ።

ሄደው አዩ። የጣቱ ፈለግ እርዱ ላይ ቁልጭ ብሏል፤ ቡናውም ጎድሏል። ፓስተር አሮን ተመልሶ «እህታችንን በድለናታል» አለ። ትዝታ ትከሻዬ ላይ ወድቃ አለቀሰች።

ስንወጣ ጋሽ ታፈሰ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ውድነሽ፣ በጌታ ይዤሻለሁ፣ በምንድን ነው የሚለቀው? ነገ ለሽምግልና አማን ከተማ እሄዳለሁ፤ ስንት ሰው ልጨብጥ ነው!»

ትዝታን አየኋት። ዓይኗ አብጧል።

«በሳሙና ነው ጋሼ» አልኩት። «ሳይሰለቹ ደጋግመው ይሹት።»