የሆስፒታሉ መስመር

እትዬ መርፌ ይህ ቅጽል ስም የወጣላት ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ቀጭን ናት፤ ምላሷም ካልነኳት አይወጋም፣ ከነኳት ግን አይምርም። ሰሞኑን ታዲያ ያቺ ሴት ለሰፈሩ ሁሉ ማር ሆና ነበር። ሰበቡ የወንድሟ ልጅ ናት። ወንድሟ በጎረምሳነቱ ባሕር ተሻግሮ፣ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ወልዶ፣ እዚያው ፀጉሩ ሸበተ። ልጁ የአባቷን አገር በዓይኗ አይታው አታውቅም። አሁን የዓመት ፈቃዷን ይዛ ልትመጣ ነው።

"ዶክተሯ ልትመጣልኝ ነው!" ትላለች እትዬ መርፌ የደንበኛን ትከሻ እየለካች። "ትልቅ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ እንዲህ የዋዛ እንዳይመስልሽ።"

ልጅቷ አንድ ሻንጣ አንጠልጥላ መጣች። ሰፊ ትከሻ፣ ሰፊ ሳቅ ያላት፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። የአባቷን ቋንቋ አጥርታ ትናገራለች። እትዬ መርፌ አቅፋ ስማ ከጠገበች በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ትከሻዋን በስንዝር መለካት ነበር።

ትንሿ ከተማ ልጅቷን በአንድ ሳምንት ዋጠቻት። ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ትወጣና ሲረፋፍድ ትመለሳለች። ዳቦ ቤቱ ሩቅ ሆኖ አይደለም። በየደጁ ሰላምታ አለ፤ ሰላምታውም አባትን፣ እናትን፣ እዚያ አገር ያለውን ብርድ ሳይጠይቅ አይለቅም። በምትኖርበት ከተማ ሰው ባያት ቁጥር "ከየት ነሽ?" ይላታል። እዚህ ግን "የማን ልጅ ነሽ?" አሏት፤ መልሱን ስትነግራቸው ደግሞ "አፍንጫሽ ነግሮናል!" አሉ። አንድ ሽማግሌ አገጯን ይዞ ወደ ብርሃን አዞራትና "ቁርጥ አባቷ!" ብሎ ለሚስቱ አሳየ። እሷ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንንም የምትመስል አይመስላትም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ግራ አጋባት። ያገኘችው ሰው ሁሉ በሽታውን ይነግራታል። ባለሱቁ ስለ ጨጓራው፣ ፀጉር ሠሪዋ ስለ ወገቧ፣ ዳቦ ጋጋሪው እንቅልፍ ስለሚነሳው ሳል። "የዚህ አገር ሰው መተዋወቅ የሚጀምረው ከሕመሙ ነው መሰለኝ" አለችና እግዜር ይማራችሁ እያለች አለፈች።

አንድ ጠዋት ጡረተኛው መምህር ራጅ በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ስፌት ቤቱ ገቡ። ከኋላቸው ጎረቤት ተከትሎ አግዳሚ ወንበሩን ሞላው። መምህሩ ተቀመጡ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

"እስቲ እዪልኝ፣ ልጄ።"

ልጅቷ ጉልበታቸውን አየች። ጉልበት ነው።

"ጋሼ፣ ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ አይሻልም?"

"ታዲያ የት የመጣሁ መሰለሽ?"

ያን ጊዜ ገባት። ጨጓራው፣ ወገቡ፣ ሳሉ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባት። ዞራ አክስቷን አየቻት፤ አክስቷ ኩራት በኩራት ሆና ቆማለች።

"ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ።"

መቀሱ ከእትዬ መርፌ እጅ አምልጦ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

"በስልክ ሆስፒታል ነው የምሠራው አላልሽኝም?"

"የሆስፒታል መስመር ነው የምሠራው ነው ያልኩሽ፣ አክስቴ። ከባቡር ጣቢያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ባቡር ጣቢያ።"

መምህሩ ቀስ ብለው የሰበሰቡትን የሱሪ እግር መለሱ። "መቼም..." አሉ፣ "ሾፌርነትም ሥራ ነው።" ከስድብ ሁሉ የከፋው ይሄ ነበር።

የዚያን ዕለት የእትዬ መርፌ ስፌት መኪና ጠላቷን እንደምትረግጥ ሁሉ ሲንደቀደቅ ዋለ። ማታ ሻይ ስታቀርብ ብቻ ቀና ሳትል ጠየቀች።

"አባትሽስ? ሾፌር ስትሆኚ ምን አለ?"

"ምንም አላለም። የመጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ ሱፉን ለብሶ መጣና ከኋላዬ ተቀመጠ። መጨረሻው ፌርማታ ስንደርስ አልወርድም አለኝ። ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ተመላለሰ።"

እትዬ መርፌ ስኳሩን አማሰለች። "ሰው ይስቅብኛል" አለች ቆይታ።

"አንቺ ብታፍሪ አልፈርድብሽም። እኔ ግን አላፍርበትም፣ አክስቴ። መንገዱ በረዶ ሲሆን፣ ምጥ የያዛት ሴት ከኋላዬ ተቀምጣ፣ ወንበሩ እንኳ ሳይነቀንቃት አድርሻታለሁ።" ድምጿ ከፍ አላለም፤ ግን ብርጭቆዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

በገበያው ቀን ዋናው ድልድይ ለጥገና ተዘጋ። ከሩቅ አገር የመጣ ትልቅ አውቶቡስ፣ ሾፌሩ ለመስመሩ አዲስ ነበረና፣ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ገባ። መንገዱ ሲገቡበት ሰፊ ነው፤ እትዬ መርፌ ስፌት ቤት ጋ ሲደርስ ግን በአንድ ወገን የድንጋይ አጥር፣ በሌላው የስፌት ቤቱ በረንዳ ያንቁታል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ አይታጠፍም። ሾፌሩ ወደ ኋላ ሊል ሲሞክር የአውቶቡሱ ጀርባ የበረንዳውን ቋሚ ገፋው። ቆርቆሮው ሲጥጥ አለ። እትዬ መርፌ "ቤቴን!" ብላ ጮኸች። ተሳፋሪው ወረደ፣ ገበያተኛው ተሰበሰበ፣ ሰው ሁሉ ትራፊክ ፖሊስ ሆነ። "ወደ ቀኝ!" "ኧረ ወደ ግራ!" "ፍሬን ያዝ!" ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

ልጅቷ ዳቦዋን ይዛ ደረሰች። ጫጫታውን አልሰማችም፤ ጎማዎቹን ነበር የምታየው። ዳቦውን ለመምህሩ አስያዘችና አውቶቡሱን ዞራ አየች፣ ከኋላው ጎማ ሥር ድንጋይ አነሳች፣ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄደች።

"እግዜር ያበርታህ ወንድሜ። የሥራ ባልደረባህ ነኝ፤ እኔም የምነዳው አውቶቡስ ነው። ልምራህ ወይስ ልሞክረው?"

ሾፌሩ ቀና ብሎ አያት። "እኅቴ፣ ዛሬ እጄ እምቢ ብሎኛል" አለና ቦታውን ለቀቀላት።

ወንበሩን አስተካከለች፣ ስፖኪዮዎቹን አስተካከለች። ከዚያ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

"አክስቴ! ከኋላ ቁሚልኝ። ከአንቺ በቀር ማንም እንዳይናገር!"

"እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ?"

"ሰው በዓይንሽ ለክተሽ ትሰፊ የለም? ከቋሚው እስከ አውቶቡሱ ስንት ጣት እንደሆነ ንገሪኝ።"

እትዬ መርፌ ነጠላዋን አጥብቃ አሰረች። ከኋላ ሄዳ ቆመች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

ልጅቷ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ፊት ነዳችው፤ ቋሚው ከአውቶቡሱ ተላቀቀ። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገባች። አውቶቡሱ እንደ ኤሊ ይንፏቀቅ ጀመር።

"አምስት ጣት!" አለች እትዬ መርፌ። "አራት! ... ሦስት! ... ሁለት! ቁሚ!"

ቆመች። መሪውን አጠፈች።

"አሁንስ?"

"ሁለት ... ሁለት ... ኧረ ሦስት ሆነ! ነይ፣ ነይ የኔ ልጅ! ግቢ!"

ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው ሞተሩና የአንዲት ልብስ ሰፊ ጣት ቆጠራ ብቻ ነው። አጥሩ በአንድ ጎን፣ በረንዳው በሌላው ጎን፣ ምንም ሳይነካው፣ አውቶቡሱ የኋሊት ቁልቁል እየተሳበ መንገዱ የሚጀምርበት አደባባይ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ እልልታው ቀለጠ።

ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ጨበጣት።

"አንቺ የምትነጂው ምን ያህላል?"

"የዚህን አንድ ተኩል ይሆናል። መሀሉ ይታጠፋል።"

"ይታጠፋል?" ወደ ሰዉ ዞረ። "ሰማችሁ? የሚታጠፍ ነው የምትነዳው!"

መምህሩ ዳቦውን እንደ ታቦት አክብረው በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። "ሾፌርነትም ሥራ ነው ብዬ ነበር" አሉ ፈራ ተባ እያሉ። "ሥራ ብቻ አይደለም፤ ጥበብ ነው።"

"እንዲህ ነው እንጂ!" አለች እትዬ መርፌ። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፤ የተጣመመውን ቋሚዋን ዞራም አላየችው። "የወንድሜ ልጅ ሾፌር ናት! ማንም ሌላ ነገር እንዳይላት!"

ያን ምሽት ለወንድሟ የደወለችው እሷ ናት። ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ነገረችው፤ በየመሀሉም አውቶቡሱን ሁለት ሁለት ሜትር ታስረዝመው ነበር። ከዚያ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት።

አባት መንገዱን አውቆታል።

"በዚያ መንገድ?" አለ። "ወደ ኋላ?"

"ወደ ኋላ፣ አባዬ።"

"እኔ በብስክሌት ስወርደው እንኳ ያ አጥር ክርኔን ይልጠኝ ነበር።" "እንኳን ወለድኩሽ። የሰፈሬ ሰው አየሽ፣ አይደል? ሁሉም አዩሽ?"

"ሁሉም አዩኝ።"

እትዬ መርፌ ስልኩን ከእጇ ነጠቀች።

"ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ እሷን ብቻ ነው የምታመሰግነው? ከኋላ ቆሜ የመራሁትስ እኔ አይደለሁ?"

ከባሕር ማዶ ሳቁ ገነፈለ። ልጅቷም አክስቷን አቅፋ፣ ጆሮዋን ከጆሮዋ ገጥማ፣ አብራ ትስቅ ጀመር።