ፊቱን ያዞረው ሰገነት

አይዚሬክ ገደሉ አፋፍ ላይ በተከለቻቸው ማግስት፣ ከችካሎቹ አንዱ እንኳ በቦታው አልነበረም። ነፋስ ነው እንዳትል፣ ተነቅለው ድንጋይ ላይ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ በመሃላቸው ተወጥሮ የነበረው ቀይ ክርም ተጠቅልሎ አጠገባቸው ተቀምጧል።

ከዋና ከተማው ከቢሽኬክ መንግሥት ልኳት የመጣችው፣ መንገደኛ መኪናውን አቁሞ ሸለቆውን የሚያይበት ሰገነት ለመንደፍ ነው። መንደርተኛው ግን ይህን ያመነ አይመስልም። በመጣችበት ቀን፣ የተቀዳላትን የፈረስ ወተት ሳትጨርስ፣ ያሳደራት እሽምካን ፈገግ ብሎ፣

"ወርቅ ነው አይደል የምትፈልጊው?" አላት።

"ኧረ ሰገነት ነው፣ ባይኬ" አለች፣ ታላቅ ወንድም በሚጠራበት የአክብሮት ቃል። "ከአፋፉ ወጥቶ አየር ላይ የሚንጠለጠል። ሰው ቆሞ ተራራውን እንዲያይበት።"

"ተራራ ለማየት ሰገነት? እኛ እኮ በዓይናችን ነው የምናየው!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያልሳቀችው ሚስቱ ቡሩል ብቻ ነበረች። ሻይ እየቀዳች፣ "የሚንጠለጠለው የት ጋ ነው?" ብላ ጠየቀች።

አይዚሬክ ደግማ ተከለች። ደግሞ ተነቀለ። ከዚያ ወዲያ ያየችው ሰው ሁሉ ነቃዩ ይመስላት ጀመር። እሽምካን ፈረሱን ወደዚያ አቅጣጫ ካዞረ፣ እስኪሰወር ድረስ ዓይኗን አትነቅልም። ቡሩል ደግሞ በየማዕዱ የገደሉን ክፋት ታወራለች፤ ድንጋዩ ይናዳል፣ እባብ አለበት፣ የታችኛው አፋፍ ይሻላል። አይዚሬክ ዓለቱን በመዶሻ ብትፈትሸው ጠንካራ ነው። እባብም አላየችም። የታችኛው አፋፍ ፊቱ ኮረብታ ተገትሮበታል። 'ይህቺ ሴትዮ ከዚህ ልታርቀኝ የፈለገችው ምን ደብቃ ነው?' እያለች ማሰላሰል ያዘች።

ችካሎቹን እንደገና ተክላ "ከተማ ደርሼ ልምጣ" አለች። መኪናዋን መታጠፊያው ጋ አቁማ በእግሯ ተመለሰችና ከጥድ ሥር አደፈጠች። ረፋዱ ላይ ቡሩል ከጎረቤቷ ከሳይካል ጋር ብቅ አለች። ሳይቸኩሉ፣ የሰፈር ወሬ እያወሩ፣ ችካሉን ይነቅሉት ጀመር።

"ቡሩል አፓ! ምን አደረግኩዎት?" አለች አይዚሬክ፣ እንደ ታላቅ ሴት እየጠራቻት፣ ከጥዱ ሥር ወጥታ።

ቡሩል አልደነገጠችም። "ከተማ ቶሎ ይደረሳል ማለት ነው" አለች።

"አትንገሪያት!" አለች ሳይካል። "ካርታዋ ላይ ትጽፈዋለች።"

"ከጻፈች ጸጉሯን ነው የምነጨው።" ቡሩል አይዚሬክን በክንዷ ይዛ አፋፉ ላይ በሆዷ አስተኛቻት። "አንገትሽን አውጪ። ተራራውን ተዪው፣ ቁልቁል እይ።"

ከታች፣ ወንዙ ዳር፣ እንፋሎት ይወጣል። በድንጋዮቹ መሃል ፍልውሃ አለ። ሴቶች ራቁታቸውን ጋደም ብለው ይስቃሉ፤ አንዷ የሌላዋን ጀርባ ታሻለች።

"ከመንደር አይታይም፣ ከመንገድም አይታይም" አለች ቡሩል። "ከዚህ ወጣ ያለ ብቻ ነው የሚያየን። ወንዶቻችንን በእባብ ስናስፈራራ ኖረናል። አንቺ ደግሞ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ልታንጠለጥዪብን!"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ለመንግሥት ሰው? በነጋታው 'የሴቶች መታጠቢያ' የሚል ታፔላ ቢተከልስ?"

አይዚሬክ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በልቧ ግን፣ አንድም ቀን ቁልቁል ሳታይ መንደፏ አሳፈራት።

ንድፉን ከአዲስ ሠራችው። ሰገነቱን ከአፋፉ ወደ ኋላ ሳበችው፤ በወንዙ በኩል ከሰው ቁመት የሚበልጥ የድንጋይ ግንብ አቆመች፤ ፊቱን ወደ በረዶው ተራራ አዞረችው። አለቆቿ ስለ ግንቡ ሲጠይቋት "ገደሉ ሰው ያዞራል" አለቻቸው። ሴቶቹም አንድ ቀን ፍልውሃው ወሰዷት። ሳይካል ግን ስልኳን መኪናው ውስጥ እንድትተው አስገድዳት፣ መንገዱን ሁሉ ኪሷን በዓይኗ ስትፈትሽ ነበር።

ሰገነቱ ሲያልቅ፣ ለምርቃቱ ከሚመጡት ባለሥልጣናት ቀድማ ቡሩል ባሏን እየጎተተች መጣች። ከእሽምካን የሚረዝም ሰው በመንደሩ የለም። ግንቡ ሥር አቆመችው።

"ተንጠራራ። ምን ይታይሃል?"

"የተራራ ጫፍ።"

"ሌላስ?"

"ተራራ ነው አልኩሽ! ምን እንዲታየኝ ፈልገሽ ነው?"

"ምንም።"

እሽምካን ግንቡን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ዳር ቆማ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን የነከሰችውን አይዚሬክን አየ። እስከ ቤቱ ድረስም "ከዚያ ወዲያ ምን አለ?" እያለ ሲነዘንዝ ሄደ።