የእናት ምስክርነት

በዚያ የሮማኒያ መንደር፣ ሰው አገር ሥራ እንዴት እንደሚፈለግ የማያውቅ የለም። የሚያውቁት ሄደዋል፤ የሚመክሩት ቀርተዋል። ስማራንዳም የቀሩትን ምክር ጠግባለች፦ ፎቶ ስትነሺ ሳቂ፣ ግን ጥርስሽ እንዳይታይ፤ ዕድሜሽን ቀንሺ፣ ልምድሽን ጨምሪ። የስፌት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ በእናቷ ጡረታ መብላቱ አንገቷን አስደፍቷታል። ጣሊያን ያሉ አንዲት አሮጊት የሚጦራቸው ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ታዲያ አላመነታችም። አሮጊት መጦርማ ሥራዋ ነው፤ ዳሌያቸው የተሰበረውን እናቷን የምታነሳ የምታስተኛው እሷው ናት።

ሴትዮዋ ግን ምስክር ጠየቁ። «የጦርሻቸውን ሰው በስልክ አገናኚኝ» አሉ። የጦረቻቸው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጥላቸው የምትሄደው እናቷ ዛምፊራ። እሳቸው ጣሊያንኛ ስለማይሰሙ አስተርጓሚዋም ራሷ ስማራንዳ ሆነች። ባለጉዳዩ አስተርጓሚ የሚሆንበትን ችሎት እግዜር ለሁላችን ይስጠን።

ስልኩ የስኳር ዕቃው ላይ ተደግፎ ቆመ፤ ጣሊያናዊቷ ኤርሲሊያ ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ።

«ምግብ ላይ እንዴት ናት?» አሉ፤ ስማራንዳ ጥያቄውን ለእናቷ ተረጎመች።

«ሾርባዋ ባሕር ነው» አሉ ዛምፊራ። «ጨው የምትጨምረው ዓይኗን ጨፍና ነው።»

«እጅሽ ይጣፍጣል ነው የሚሉኝ» አለች ስማራንዳ።

«ጠባይዋስ?»

«የምትጣላው ሰው ስታጣ ከድስቱ ጋር ትጣላለች።»

«ጭምት ነሽ ይሉኛል።»

ዛምፊራ ጣሊያንኛ ባይሰሙም ልጃቸውን ያውቃሉ። «ያን ሁሉ ተናግሬ በሁለት ቃል ጨረስሽው? እንዴት ያለ ቆጣቢ ቋንቋ ነው እባክሽ።»

«እማዬ፣ በፈጠረሽ። ሥራው ይቀርብኛል።»

ዛምፊራ ይቅርብሽ ማለት አምሯቸው ነበር። ከዚያ ልጃቸውን ሳያዩ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

«ንገሪያቸው። ሁለት ክረምት አዝላኛለች፣ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ሌሊት ሳቃስት ከእኔ ቀድማ የምትነቃው እሷ ናት። ልሰጣቸው አልፈልግም በያቸው። ግን ይውሰዷት፤ እዚህ እኔን ስታይ ዕድሜዋ ማለቅ የለበትም።»

ስማራንዳ በአርባ ስምንት ዓመቷ ከእናቷ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም።

«ምን አሉ?» አሉ ኤርሲሊያ።

«ምግብ... ምግብ ትችያለሽ ነው የሚሉኝ» አለች፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

ኤርሲሊያ እናትና ልጅን ተራ በተራ አዩዋቸው። «ለምግብ ማንም አያለቅስም» አሉ። «እኔም ልጄን ጀርመን ስሸኝ እየሰደብኩ ነው የሸኘኋት። ሰኞ ነይ።»

ስልኩ ተዘጋ። ዛምፊራ ሁሉን ከልጃቸው ሰምተው ሲያበቁ «ልጃቸው ጀርመን ናት በይኛ» አሉ። «የጀርመኖቹስ ልጆች የት ሄደው ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እማዬ።»

«እንግዲህ እስከ ሰኞ የእኔ ነሽ። ሾርባውን አሙቂልኝ። ጨውም ከፈለግሽ ጨምሪበት።»