ረቢው መጨረስ ያቃተው ብይን

ረቢ ይቁቲኤል ሜልቦርን ሲገባ ዕድሜው ገና አርባ አልሞላም ነበር። በሊትዌንያ፣ ዶልኒክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አስቸጋሪ የሕግ ጥያቄ ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ «እስቲ ይቁቲኤል ምን ይላል?» ይሉ ነበር። በሜልቦርኑ ካርልተን ሰፈር ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው። የአራጁ ቢላዋ ጥርስ አውጥቷል ወይስ ደህና ነው? ለፋሲካ የሚጋገረው ቂጣ ከተለወሰ በኋላ ሳይቆይ እቶን ገብቷል? የምኩራቡ ሊቀ መንበር ሚስተር ሳፊር ደግሞ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አጭር ስብከት፣ ያውም በእንግሊዝኛ።

«ረቢ፣ ሰዉ ምሳው እየቀዘቀዘበት ነው» ይሉታል ሰዓታቸውን እያዩ።

የእንግሊዝኛውን ነገር ባያነሱት ይሻላል። ወጥ ቤትና ዶሮ በዚያ ቋንቋ ለጆሮው አንድ ዓይነት ሆነውበት፣ በመጀመሪያው ስብከቱ ላይ ስለ ትዳር ሲያስተምር «ሚስት ዶሮዋን በንጽሕና ትያዝ፤ ባልም አልፎ አልፎ ዶሮዋ ውስጥ ገብቶ ያግዛት» ብሎ አረፈው። ሴቶቹ ሰገነት ላይ ሆነው በመሐረብ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እሱ ለምን እንደሳቁ የገባው ማክሰኞ ነው፤ የነገሩትም አከራዩ ወይዘሮ ጺፓ ነበሩ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ሐሙስ ሐሙስ የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች ከሥራ ሲወጡ በወይዘሮ ጺፓ ሳሎን ተሰብስበው ሕጉን ከሱ ይማራሉ። በአገሩ ቋንቋ ሲያስተምር ሌላ ሰው ነው። እጁ ይፈታል፣ ይቀልዳል፣ አንዱን ቃል ከአሥር በኩል ያየዋል። ሰዎቹ መርፌ የወጋውን ጣታቸውን እየላሱ ያዳምጡታል።

ከአውሮፓ መርከብ በመጣ ቁጥር ግን ትምህርትም ቢሆን ይቀራል። ትራም ይዞ ወደብ ይወርዳል። «ስደተኞችን ልቀበል ነው» ይላል፤ ውሸቱን አይደለም፣ ሻንጣ ይሸከማል፣ ማደሪያ ይፈልጋል። ከዚያ ደግሞ አንድ በአንድ ይጠይቃል። «ከዶልኒክ የመጣ አለ?»

ሚስት እንደነበረው በካርልተን የሚያውቁት ወይዘሮ ጺፓ ብቻ ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ይቁቲኤል ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ምሥራቅ ሸሸ። ሽፍራ ግን እናቷ አልጋ ላይ ስለነበሩ ቀረች። «አንተ ቅደም፤ እናቴ ስትነሳ እከተልሃለሁ» አለችው። እሱ ሩስያን አቋርጦ፣ ጃፓንን አልፎ፣ ሻንጋይ ከርሞ እዚህ ደረሰ። ከጦርነቱ በኋላ ወደቡ ላይ አንድ የዶልኒክ ሰው አገኘ። ሰውዬው ወታደሮች የከተማውን አይሁድ ወደ ጫካው በነዱበት ቀን ጣሪያ ሥር ተደብቆ ነበር። ሽፍራ እናቷን ደግፋ ስታልፍ አይቷታል። ከጫካው የተመለሰ የለም።

«ስትሞት አየሃት?» አለው ይቁቲኤል።

«ስትሄድ ነው ያየኋት።»

ይቁቲኤል ይህችን «ስትሄድ» የምትል ቃል ይዞ ቀረ። በሚቀጥለውም መርከብ ወደቡ ላይ ነበር፤ በሚቀጥለውም።

ፍሪመት የምትባል ሴት ወደሱ የመጣችው በበጋው ማለቂያ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ፍሊንደርስ ሌን በሚባል መንገድ ባለ ፋብሪካ የካፖርት ገበር ትሰፋለች። አብሯት የመጣው አንሼል እዚያው ሱሪ ይተኩሳል።

«ልንጋባ ነው» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ግን ባል ነበረኝ። ሄኔክ ይባላል። መሞቱ ካልተረጋገጠ ሕጉ እንደ ባለትዳር ነው የሚያይሽ አሉኝ። የከተማውን ታላቅ ረቢ ጠየቅኩ፤ ‹ጠብቂ› አሉኝ። እስከ መቼ ነው የምጠብቀው? ፀጉሬ እስኪሸብት?»

«ሸብቷል እኮ» አለ አንሼል።

«አንተ ዝም በል! የሚሸብት ፀጉር ያለው ሰው ይናገር።»

አንሼል መላጣውን ዳበሰና ፈገግ አለ። ይቁቲኤልም ሊስቅ ምንም አልቀረው።

«መንግሥት ቤት ሄዳችሁ መፈራረም ትችላላችሁ» አላት። «ማንም አይከለክላችሁም።»

«ይህስ መች ጠፋኝ ረቢ? የአባቴን ቤት አቃጠሉት፣ እህቶቼን ወሰዱ። ሕጉን ግን አልወሰዱብኝም። እሱንም እኔው ራሴ ልጣለው?»

ፍሪመት ለሄኔክ መሞት ያቀረበችው ምስክር መሌክ የሚባል፣ ቪክቶሪያ ገበያ ዶሮ የሚሸጥ ሰው ነበር። በሳምንቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ካምፑ ደርሰን ከባቡሩ ስንወርድ መኮንኑ በጣቱ ይመድበን ነበር» አለ። «እኔን ወደ ቀኝ፣ ሄኔክን ወደ ግራ። እግሩ ቆስሎ ያነክስ ነበር። ወደ ግራ የተባለ ሰው ለማታ አይደርስም።»

«ሲሞት አይተኸዋል?»

መሌክ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሸው። «ረቢ፣ እዚያ ሰው ሲሞት አይታይም። የሚታየው ጭስ ነው።»

የጥንት ሊቃውንት ስለ ባሕር ጽፈዋል። ዳርቻው በማይታይ ውሃ የሰጠመ ሰው ሚስት ዳግም እንድታገባ አትፍቀዱላት፤ ማን ያውቃል፣ ሞገዱ በሌላ በኩል አውጥቶት ይሆናል ይላሉ። ይቁቲኤል ይህን ነገር አገላብጦ አየው። ባሕር ባይታይም ዳር አለው። ያ ቦታ ግን የታነጸው ማንም እንዳይወጣበት ነው። ስለዚህ ሄኔክ የሰጠመ ሰው አይደለም፤ የሞተ ሰው ነው። ፍሪመት ማግባት ትችላለች።

ነገሩ እንዲህ ግልጽ ሆኖለት ሳለ መጻፉ አቃተው። «ወደዚያ ሲሄድ የታየ ሁሉ እንደሞተ ይቆጠራል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ብዕሩን ያስቀምጣል። ፍሪመትን «ከፋሲካ በኋላ ነይ» አላት። ከፋሲካ በኋላ «አንድ መጽሐፍ ከሲድኒ እየጠበቅኩ ነው» አላት። መጽሐፉ መጣ። ቅዝቃዜው ገባ። ይቁቲኤል አሁንም ወደብ ይወርዳል።

አንድ ቀን ጠዋት ወይዘሮ ጺፓ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርገው አስቀመጡና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ያችን ልጅ የሚያንከራትቱት ለምንድን ነው?»

«ከባድ ጥያቄ ነው፣ ወይዘሮ ጺፓ።»

«ጥያቄውስ ከባድ ነው። ግን መልሱን አግኝተውታል፤ ፊትዎ ላይ አያለሁ። ሕጉ አይደለም የያዘዎት፤ እኔ ሞኝ መሰልኩዎት?»

ይቁቲኤል ዓይኑን ወደ መጽሐፉ መለሰ። ሻዩንም አልጠጣው።

በዚያው ሳምንት ፍሪመት ሳትጠራ መጣች። አንሼል አልነበረም። ኮቷን ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች። «ምን ጎደለ? ሌላ ምስክር ነው? ከየት ላምጣ?»

«ምንም አልጎደለም» አለ ይቁቲኤል። ከዚያ ለማንም በሙሉ ያልተናገረውን ነገራት። ስለ ሽፍራ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ጫካው፣ ስለ «ስትሄድ»። «ላንቺ የምጽፈው ቃል ለሷም ይሆናል። ሄኔክ ሞቷል ካልኩ እሷም ሞታለች ማለቴ ነው። ሕጉ ሁለት ሚዛን የለውም። በጄ የምገድላት ይመስለኛል፤ ይኸው ነው። የሰው ረቢ ሆኜ በራሴ ፍርሃት አሰርኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ፍሪመት ወንበር ስባ ተቀመጠች። የኮቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች።

«እኔ ደግሞ» አለች በኋላ፣ «በር ሲንኳኳ አሁንም ልቤ ዘሎ ይነሳል። ሄኔክ ቢመጣ ምን እንደምለው አዘጋጅቻለሁ። ‹የት ቆየህ አንተ› ነው የምለው። እንዲህ በቁጣ። አንሼልም ያውቃል። እሱም በር ሲንኳኳ የሚነሳላት ሚስት ነበረችው። እርስዎ እንዲጽፉልኝ የፈለግኩት ሄኔክን ልረሳው አይደለም ረቢ። እሱን እየጠበቅኩ ከሌላ ሰው ጋር መኖር ስለማልችል ነው። አንዱን ማድረግ አለብኝ።»

«ቢመጣስ?»

«አይመጣም» አለች፤ ቁጣም ልቅሶም በሌለው ድምፅ። «የርስዎም ሽፍራ አትመጣም። ይህን ማንም ስላልነገረዎት እኔ እነግርዎታለሁ።»

ከሄደች በኋላ ይቁቲኤል ብዕሩን አነሳና ብይኑን ከምሳ በፊት ጨረሰው። በሲድኒ ያሉ አንድ አዛውንት ረቢ አንብበው ስማቸውን ከስሙ በታች አኖሩ። «ጠብቂ» ብለዋት የነበሩት የከተማው ረቢም ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይህን የባሕሩን ዳር ነገር ከዚህ በፊት አላስተዋልኩትም ነበር» አሉና እሳቸውም ፈረሙ።

ሠርጉ በወይዘሮ ጺፓ ጓሮ ሆነ፤ ዝናብ እያካፋ። መሌክ አራት ዶሮ ይዞ መጣ። አንሼል የራሱን ሱሪ አሳምሮ ተኩሶ ሲያበቃ ጭቃው ውስጥ ጨፈረ። ይቁቲኤልም ጨፈረ፤ መቼም ጭፈራ አይችልበትም፣ እሱን አይቶ የማይስቅ አልነበረም።

የዶልኒክ ሰዎች ወደ ጫካው የተነዱበት ቀን ሲደርስ፣ ይቁቲኤል ጠዋት በምኩራቡ ሐዘንተኞች ለሙታናቸው ሊጸልዩ ሲነሱ አብሮ ተነሳ። እስከዚያ ቀን ለአባቱ ካልሆነ በቀር ተነስቶ አያውቅም። የሙታኑን ጸሎት ሲጀምር ድምፁ ጠፋበት። ከጎኑ የነበረ ኮፍያ ሰፊ ቀስ ብሎ ቃሉን አቀበለው፣ ጉባኤውም «አሜን» እያለ እስከ መጨረሻው ይዞት ሄደ።

ሚስተር ሳፊር በር ላይ ጠበቁት። «ረቢ፣ ለማን ነው የተነሱት?»

«ለሚስቴ።»

ሚስተር ሳፊር ባርኔጣቸውን በእጃቸው አሽከረከሩ። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ እንግሊዝኛው ነበር የጠየቁት። «ስሟ ማን ነበር?» አሉ።

«ሽፍራ።»

«ሽፍራ» አሉ እሳቸውም። ይቁቲኤል ክንዳቸውን ያዘና ደረጃውን አብረው ወረዱ።

ከዚያ በኋላ እንደ ፍሪመት ያሉ ሴቶች ይመጡ ጀመር፤ ከፐርዝ በባቡር፣ ከኒውዚላንድ በመርከብ። ወንዶችም መጡ። አንዳንዱን ሊፈቅድለት አልቻለም፤ ምስክሩ የማይጨበጥ ሆኖ ያስቸገረበት፣ ስም ከስም የተምታታበት ነበረ፤ ያን ሳምንት እህል አይቀምስም። የጻፋቸው ብይኖች ባሕር ተሻገሩ፣ በሩቅ አገር ያሉ ሊቃውንትም ጥያቄ ይልኩለት ጀመር። ኢየሩሳሌም ያለ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት የመምህርነት ወንበር ሰጥቶት ጠራው። ብዙ አሰበበት። ሐሙስ ማታ ለተማሪዎቹ ሲነግራቸው፣ አንዱ ልብስ ሰፊ «እዚያ ሊቅ ሞልቷል፤ እኛስ ማን አለን?» አለው። ቀረ። እንግሊዝኛውም ቀስ በቀስ ተሻሻለ፤ ስብከቱ ግን አላጠረም።

ወይዘሮ ጺፓ ካረጁ በኋላም አፋቸው አላረጀም። አንድ ሰንበት ከሰዓት ሱፍ እየፈለፈሉ «ሕጉ ማግባት ይፈቅድልዎታል እኮ» አሉት። «ራስዎ ነዎት የፈቀዱት። አንዲት ደህና ሴት አውቃለሁ፣ ሴንት ኪልዳ፣ አሳ አሠራር የምታውቅ።»

«ሕጉ ይፈቅዳል፣ ወይዘሮ ጺፓ» አለ ይቁቲኤል። «አያስገድድም።»

«እሺ፤ አሳው ግን ይቅርብኝ አይበሉ» አሉና ሱፉን ወደሱ ገፉለት።