ካውያው ሲቆም

አክስቴ ስንኝ ሲመጣላት ወረቀት ላይ አታሰፍረውም፤ አፏ ውስጥ ይዛው ትዞራለች። ሽንኩርት ስትልጥ፣ ደረጃ ስትወርድ፣ ሰው ቆሞ ሰላም ሲላት ሳይቀር ከንፈሯ ሥር አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። ቀናት አልፈው ስንኙ እዚያው ካለ፣ ያን ጊዜ ምድር ቤት ወዳለው ልብስ መተኮሻ ወርዳ እናቴ ፊት ትዘፍነዋለች።

እናቴ ልብስ ተኳሽ ናት፤ የአክስቴ ታላቅ እህት። ከላይ አብረው ይኖራሉ፣ ከታች እናቴ ደንበኛ ትቀበላለች። አሠራራቸው ቀላል ነው። እናቴ ትተኩሳለች፣ አክስቴ ትዘፍናለች። ካውያው ከቆመ ስንኙ ይያዛል። ካልቆመ ይጣላል። ክርክር የለም፣ አስተያየት የለም፣ ይግባኝ የለም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድምፅዋ ጣራ በሚነቀንቅበት ዘመን በዙሪያዋ የሚያጨበጭብም የሚያርምም ሞልቶ ነበር። ከእነሱ ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ ሌላ ዘፋኝ ዘንድ ሄደ። ድምፅዋም ወረደ። የቀሯት እናቴና ካውያዋ ናቸው። የሚገርመው ግን ሰው ሁሉ ከወጣትነት ሥራዎቿ ይልቅ እነዚህን የእርጅና ዘፈኖች መውደዱ ነው። አጫጭር ናቸው፤ ጌጥ የላቸውም።

«እታለም ቅጽል አትወድም» ትለኝ ነበር አክስቴ፤ እናቴን የምትጠራት እንዲህ ነው። «‹ውብ› ካልኩ ካውያው ይሮጣል። ‹ጨረቃ› ካልኩማ እጅጌውን ሳይቀር ይጨርሳል።»

እኔ የድምፅ ቀረጻ ተምሬ ከውጭ ከተመለስኩ ወራት ቢያልፉም ሻንጣዬ ገና አልተፈታም ነበር። እዚሁ ትቀሪያለሽ ወይ ሲሉኝ መቅረቴ ነው እላለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። አክስቴ ይህን ሳታውቅ አልቀረችም። አንድ ቀን፣

«የመጨረሻ ሥራዬን አንቺ ነሽ የምትቀርጪው» አለችኝ።

«ያለፈውም የመጨረሻሽ ነበር እኮ።»

«ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ» አለች፣ ጉልበቷን እያሸች።

ስቱዲዮ ከመግባታችን በፊት ለሙከራ ቤት ውስጥ ልቀርጻት ፈለግኩ። ችግሩ ወንበሯ ነው። ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከመተኮሻው ጠረጴዛ ባሻገር፣ ፊቷን ወደ እናቴ አድርጋ፣ የመንገዱን መስኮት ከጀርባዋ ይዛ ነው። የመኪናው ጥሩምባ፣ የሰው ጫጫታ፣ ሁሉም ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወንበሩን አንስቼ ከእናቴ ኋላ፣ የተተኮሱት ልብሶች ከተሰቀሉበት ጥግ ወሰድኩት። የተሰቀለ ልብስ ድምፅን ይውጣል፣ ማስተጋባት ይቀንሳል። በሥራዬ ኮራሁ።

አክስቴ ዘፈነች። አዲሱን፣ የማላውቀውን ዘፈን። የሁለት ልጆች ነገር ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ። መሃል ላይ ሲደርስ እንዲህ ይላል፦

አንድ ብርድ ልብስ ነበር፣ ለሁለት የማይበቃ፣
ሁሌ እኔ ላይ ነበር፣ ጠዋት ስንነቃ።

ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ካውያው ግን አልቆመም። አክስቴ ደገመችው። እናቴ ሸሚዙን ገለበጠች። አክስቴ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልመና በሚመስል ዜማ ደገመችው። ካውያው ከአንገትጌው እስከ ጫፍ ሄዶ ተመለሰ።

አክስቴ ተነሳች።

«በቃ።»

«ምኑ ነው በቃ?»

«አልያዘም። ለስቱዲዮው እደውልና አልመጣም እላለሁ።»

«አክስቴ፣ እስከዛሬ ከሠራሻቸው ሁሉ እኮ ይሄ…»

«ዝም በይ!» እናቴ እንዳትሰማ ብላ አንሾካሾከች። «የሷ ዘፈን ነው፣ ገባሽ? ስለሷ ነው የሠራሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ስለማላውቀው ወንድ ስዘፍን ኖሬ፣ አንድ እንኳ ስለ እህቴ ልበል ብል፣ ተኩሳው አለፈች።»

ደረጃውን ስትወጣ የእግሯ ድምፅ የሌላ ሰው፣ በጣም ያረጀች ሴት ድምፅ ሆነብኝ።

እኔ ወደ እናቴ ጀርባ ዞርኩ።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? ምን አደረገችሽ?»

እናቴ አንገትጌው ላይ ውሃ እፍ አለችበት።

«እማዬ፣ አንቺን እኮ ነው የማናግረው!»

ካውያውን ጫነችው። እንፋሎቱ ወጣ። «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ በመስኮቱ በኩል የሚያልፉ ሴትዮ ቆም ብለው አዩኝ። እናቴ አላየችኝም። ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ቀረብ አልኩና ሁለት እጄን ከጆሮዋ ኋላ አንስቼ አጨበጨብኩ።

ምንም። ትከሻዋ እንኳ አልተነቃነቀም።

ሌላ ሸሚዝ ልታነሳ ስትዞር እጆቼን በአየር ላይ እንዳሉ፣ ፊቴንም እንደደነገጠ አየች። ካውያውን ቀስ ብላ አቆመችው።

«ማን ነገረሽ?» አለች።

ያልታጠበ ልብስ ያለበት ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። ወደ አእምሮዬ የመጣው ስልኩ ነው። ውጭ በነበርኩባቸው ዓመታት ስደውል፣ «ደህና ነሽ? ብርድ እንዳይመታሽ። በይ እንግዲህ ቻው» ብላ ትዘጋዋለች። ለጠየቅኳት አንድም ነገር መልስ ሰጥታኝ አታውቅም። ትቻት ስለሄድኩ ተቀይማኛለች ብዬ ስንት ሌሊት ተገላብጫለሁ። ለካ አንድም ቃሌ አልደረሳትም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ፤ ከዚያ አስታውሼ ፊት ለፊቷ ሆኜ ደገምኩላት።

«አንቺ ከሄድሽ ብዙም ሳይቆይ ቀኙ ሄደ። ግራውም ብቻዬን ምን እሠራለሁ ብሎ ተከተለው።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ለማን? ለፌንጣ?» ፌንጣ አክስቴ ናት፤ በልጅነቷ አንድ ቦታ አትቀመጥም ነበር ይላሉ። «ብነግራት ትዘፍናለች እንዴ? ሌላ ማን አላት የምታምነው?»

«ታዲያ ካውያውን በምን አውቀሽ ነው የምታቆሚው?»

«አያታለሁ።»

«ምኗን?»

«እሷን ነዋ! ምኗን ትላለች ደግሞ።»

«ከንፈሯን ታነቢያለሽ?»

«ስታወራ አዎ። ስትዘፍን ግን ቃሉን እንደ ማስቲካ ትለጥጠዋለች፤ ማን ያነበዋል?»

«እና ሁልጊዜ እሷን አይተሽ ነው የምታቆሚው? እርግጠኛ ነሽ?»

እናቴ ዓይኗን ወደ ሸሚዙ ወሰደች። «ባብዛኛው» አለች። ቆየችና፣ «አንዳንዴ ቁልፍ ያጋጥመኛል።»

«የምን ቁልፍ?»

«የሸሚዝ ነዋ። ካውያ ቁልፍ ላይ አይሄድም፤ አቁሜ ነው የምዞረው።»

ልስቅ ፈለግኩ፤ አልወጣልኝም። በታክሲዎች የኋላ መስታወት ላይ ተለጥፎ የሚዞረው ስንኝ፣ ሰው በሠርጉ የሚያለቅስበት፣ ባዕድ አገር ባለ ጠባብ ክፍሌ ውስጥ ግድግዳ ላይ ጽፌው የኖርኩት፣ እሱ ራሱ የአንድ የማይታወቅ ሰውዬ ሸሚዝ ቁልፍ የመረጠው ሊሆን ይችላል።

«የትኛው ነው የቁልፉ?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ! ሰምቼዋለሁ እንዴ?» አለችና ክንዴን ያዘችኝ። «ለሷ ግን እንዳትነግሪ። አደራ።»

እሺ ብዬ ነበር። እውነትም አልነግርም ነበር። ነገር ግን ደረጃውን ወጥቼ ስደርስ አክስቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አዎ፣ ሰርዘው። ሌላ ቀን አይደለም፣ ጨርሶ ሰርዘው። እኔ ከእንግዲህ አልዘፍንም» ስትል ሰማኋት።

«እማዬ አትሰማም!» አልኩ።

አክስቴ ስልኩን ከጆሮዋ አነሳች። ከውስጡ የስቱዲዮው ሰውዬ «ሄሎ? ሄሎ?» ይላል።

«ምን አልሽ?»

«ጆሮዋ አይሰራም። ከቆየ። ወንበርሽን ከኋላዋ ስላደረግኩት ነው ያላቆመችው። አላየችሽም።»

«አብደሻል? ትናንት እኮ ቁጭ ብለን ስናወራ ነበር!»

«ፊት ለፊት ሆናችሁ።»

አክስቴ ተነሳች። ስልኩ አልጋው ላይ ወደቀ። ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አላውቅም፤ ስደርስባት ከእናቴ ጀርባ ቆማለች።

«እታለም» አለች በቀስታ።

ካውያው ይሄዳል።

«እታለም!» በዚያ ድሮ ያለ ማይክሮፎን አዳራሽ ይሞላ በነበረው ድምፅዋ ጠራቻት። የተሰቀሉት ማንጠልጠያዎች የተንቀጠቀጡ መሰለኝ። ካውያው ይሄዳል።

የአክስቴ ፊት አመድ ሆነ። ግድግዳውን ተደገፈች። «ስንት ዓመት ሙሉ» አለች፣ «ስንት ዓመት ሙሉ ለማን ነበር የምዘፍነው?» እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አልችልምና የቁልፉንም ነገርኳት። ያንን ስትሰማ አልጮኸችም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሸሚዝ ቁልፎች ተራ በተራ አየች።

ከዚያ፣ «አንሶላ አምጪ» አለችኝ።

«ምን?»

«አንሶላ! ቁልፍ የሌለው!»

ወንበሩን ወደ ድሮ ቦታው መለስኩ፣ አንሶላውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። እናቴ ወንበሩን አየች፣ እህቷን አየች፣ እኔን አየች።

«ነገርሻት» አለች። «አፍሽ እንደሆነ መዝጊያ የለው።»

አክስቴ ተቀመጠች። እናቴ ካውያውን አነሳች። አክስቴ መዝፈን ጀመረች፤ ግን ድምፅ አላወጣችም። አፏ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። የመንገዱ ጫጫታና የእንፋሎቱ ፉጨት ብቻ ይሰማል። ዕድሜዬን ጆሮዬን ሳሠለጥን ኖሬ፣ አሁን እኔም ከማየት በቀር ምንም አልቀረልኝም። ስለዚህ አየሁ።

መጀመሪያ ላይ ካውያው ዝም ብሎ ይሄድ ነበር። ብርድ ልብሱ ጋ ልትደርስ ስትል የአክስቴ ጉሮሮ አንድ ጊዜ ዋጥ አደረገ። ትንሽ ነገር ነው፤ ክኒን እንደሚውጥ ሰው። ካውያው ቆመ።

አንሶላ ላይ፣ ቁልፍ በሌለበት፣ ቆመ።

የአክስቴ አፍ ቀጠለ። ተከታዩን ስንኝ ከንፈሯ ላይ ለየሁት፦

ፍቅርሽ ነው ያለበሰኝ፣ እጅሽ ነው ያሞቀኝ፣
የእህትነት ጣዕሙ፣ ያኔ ነው የዘለቀኝ።

እዚህ ላይ አገጯ ቀና አለ፤ አዳራሽ መጨረሻ ላይ ለተቀመጡት እንደምትዘፍን። ካውያው ተነስቶ መንገዱን ቀጠለ። እናቴ ግን ዓይኗን ከእህቷ ከንፈር ላይ አልነቀለችም። ዜማው ስለሌለ ቃሉ አልተለጠጠም።

«ብርድ ልብሱ ነው?» አለች እናቴ ድንገት። «ያ ግራጫው?»

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«ምን አገባው እሱ ዘፈን ውስጥ?»

«ስላንቺ ነው የሠራሁት፣ እታለም። ታለብሺኝ ነበር። እየበረደሽ ለኔ ትተይልኝ ነበር።»

«እኔ?» እናቴ ካውያውን በተረከዙ አቆመችው። «ማን አለበሰሽ! እንቅልፍ ሲጥለኝ ጠብቀሽ ትነጥቂኝ ነበር እንጂ! በብርድ ስንቀጠቀጥ ነው የነጋልኝ፣ በየቀኑ! ሌባ!»

አክስቴ እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ አለች። እኔም ዘፈኑ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተ ብዬ ነበር። አክስቴ ግን ከንፈሯ ሥር ስንኞቹን እንደገና ታላምጣቸው ጀመር።

«‹ፍቅርሽ ነው ያለበሰኝ› የሚለው ውሸት ነው?»

«ነጭ ውሸት።»

«ፊተኛውስ? ‹ሁሌ እኔ ላይ ነበር፣ ጠዋት ስንነቃ› የሚለው?»

«እሱማ እውነት ነው። ታዲያ የት ሊገኝ ኖሯል!»

አክስቴ ሳቀች። ሳል የሚመስል፣ ከጥልቅ ቦታ የሚመጣ ሳቅ ነበር። ፊቷን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«ለሰውዬው ደውዪለት። እንመጣለን በይ። ፍቅሩን አውጥቼዋለሁ፤ ዘፈኑ አጥሯል በይ።» ከዚያ ወደ እህቷ ተጠጋች፣ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈችና ፊት ለፊቷ ሆና ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች ጠየቀቻት። «ግን እታለም፣ ስዘፍን ምኔን ነው የምታዪው? ንገሪኝ።»

እናቴ በእህቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። ካውያውን ያስቆመው ምን እንደሆነ ማየቴን አውቃለች። ዝም አልኩ። አክስቴ ብታውቀው በፈለገችበት ስንኝ ላይ ሆን ብላ ምራቋን ትውጥ ነበር።

እናቴ ካውያውን አነሳች።

«አልሰማሁሽም» አለች፣ አንሶላው ላይ እየገፋችው።