ክንዱ የማን ነበር?

በቫል-ሴሬን ከተማ የበረዶ ሆኪ አይቻለሁ የሚል ሁሉ ሲጠራ ዴልቪና ላብሬክ ሳትጠራ ቀረች። ፀጉር አስተካካዩ ተጠርቷል። ከተማዋን ከረገጠ ሁለት ክረምት ያልሞላው የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ተጠርቷል። የቄሱ ቤት ሠራተኛ እንኳ፣ ያቺ በጨዋታ መሀል አቀርቅራ ካልሲ የምትሠራው፣ ተጠርታለች። ‹እንጨት ቆራጮቹ› ለሚባለው የከተማዋ ቡድን ከማኅፀኗ በረኛ አውጥታ የሰጠችው ዴልቪና ግን ወሬውን የሰማችው እንደ ባዕድ ዳቦ ቤት ተሰልፋ ነው።

ወሬው ይህ ነበር። የበረዶ አዳራሹ ታድሶ ለተጫዋቾቹ አዲስ አግዳሚ ወንበር ተሠርቷል። አግዳሚው ቡድኑ ከተመሠረተ ጀምሮ ከነበሩት ዋና አሠልጣኞች በምርጡ ስም ሊጠራ ነው። ማን ምርጥ እንደነበረ ደጋፊዎቹ ቅዳሜ ጠዋት በአዳራሹ ሻይ ቤት ተከራክረው ይወስናሉ። ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት አይደለም። እያንዳንዱ ሰው አንድ የሆኪ ጎማ፣ ያቺን በኳስ ፈንታ በረዶው ላይ በዱላ የምትመታ፣ መዳፍ የምትሞላ ጠፍጣፋ ጥቁር ነገር፣ ይይዝና ከመረጠው አሠልጣኝ ፎቶ ሥር ባለው ባልዲ ውስጥ ይጥላል።

ለምን እንዳልተጠራችም ነገሯት፤ ክፉ ወሬ እግር አያጣም። የደጋፊዎቹ ሰብሳቢ ሬዣን ቡድሮ፣ «ዴልቪናን ምን ብዬ ልጥራት? ጨዋታ አታውቅም። ስንት ዘመን አዳራሽ ስትመላለስ አንድ ቀን ጎማዋን አይታ አታውቅም» አለ አሉ።

አባባሉ ያንገበገባት እውነት ስለሆነ ነው። ዴልቪና ጎማዋን አይታ አታውቅም። የሰው ሁሉ ዐይን ጎማዋን ተከትሎ ወዲያና ወዲህ ሲል የእሷ ዐይን ከአንድ ቦታ ንቅንቅ አይልም ነበር፤ ከልጇ ከኦሬል። ጎረቤቶቿ ሲስቁባት፣ «ጎማዋን ሌላው ይያት፤ እኔ የወለድኩት ጎማ አይደለም» ትላቸው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የክት ካፖርቷን ለበሰች፣ የበረዶ ጫማዋን አጠበቀች፣ ሳይጠሯት ሄደች።

ሻይ ቤቱ የተጠበሰ ድንችና እርጥብ ጓንት ይሸታል። እንደገባች ወሬው ቀጥ አለ። ሬዣን ከወንበሩ ብድግ አለ። እሱም በጊዜው የቡድኑ ተጫዋች ነበር፤ አሁን ሆዱ ከቀበቶው አልፎ ጭኑ ላይ ያርፋል።

«እማማ ዴልቪና፣ እንኳን ደኅና መጡ። ልንጠራዎት አስበን…»

«አስባችሁ ደከማችሁ» አለችው። «ተቀመጥ። ስትቆም ከንግግርህ ይልቅ ሆድህ ነው የሚቀድመው።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሬዣንም ሳቀ። ቦታ ለቀቁላትና ሻይ ቀዱላት፤ አንድ ጎማም ሰጧት። ጎማዋን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችና ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ፎቶዎች አየች። አንደኛው ሦስት ዋንጫ ያነሣው ዊልፍሪድ ማክናብ ነው። ሁለተኛው ልጆቹን እንደ ወታደር ያሠለጠነው ሌዮን ሳቫር ነው። ሦስተኛውን ስታይ ስኒዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኮንራድ ቴሪዮ።

«ይህን ሰውዬ ማነው እዚህ የሰቀለው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች ሶላንዥ፣ ወጣቷ አስተማሪ።

«አንቺ ያኔ አልተወለድሽም።»

«አባቴ ግን እሱ ነው ያሠለጠነው።»

ዴልቪና ምላሷን አዘጋጅታ ሳትጨርስ ክርክሩ ካቆመበት ቀጠለ። ፀጉር አስተካካዩ ኔልሰን ለማክናብ ይሟገት ነበር።

«ሦስት ዋንጫ ነው ሰዎች። ዋንጫ ይናገራል፣ እኛ ዝም እንበል።»

«ማክናብ ከፋብሪካው የመጡ ሰባት ግዙፍ ሰዎች ነበሩት» አለ ሬዣን። «በእነዚያ ልጆች ያንተ ፀጉር መጥረጊያም አሠልጣኝ ቢሆን ያሸንፍ ነበር። ሳቫር ግን ምንም የሌለውን ቡድን ይዞ ሰው አደረገው።»

«ሰው አደረገ? በልምምድ የበሉትን አስተፋቸው በል። አንተ ራስህ ስንቴ አስታወክህ?»

«እሱ የምሳው ጥፋት ነው።»

ሶላንዥ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። «እኔ የምለው» አለች፣ «ጥሩ አሠልጣኝ ባሸነፈ ቀን ብቻ ነው የሚታወቀው? ተሸንፎ ወደ መልበሻ ክፍል ሲገባ ለልጆቹ ምን እንዳላቸው የሚቆጥርለት የለም? አባቴ ሁልጊዜ የሚለው፣ ቴሪዮ ካሠለጠናቸው ልጆች ሆኪን ጠልቶ የተወ አንድም የለም ነው።»

«አንድ አለ» አለች ዴልቪና።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። የምትለውን ማንም ሳትለው ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ግድም ሆነው፣ የዋንጫው ጨዋታ ነበር። ውጤቱ እኩል ነው፤ ለማለቅ ትንሽ ደቂቃ ቀርቷል። በዚያ ሰዓት የሃያ ዓመቱ ኦሬል ጎሉን ባዶ ጥሎ ወደ አግዳሚው ሮጠ። ተቃራኒዎቹ ጎማዋን ከሩቅ ላኳት፤ እየተንሸራተተች ሄዳ ባዶው መረብ ውስጥ ገባች። ዋንጫው ሄደ። ቴሪዮ ለጠየቀው ሁሉ፣ «እኔ ነኝ የጠራሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። በሳምንቱ አባረሩት። ኦሬል ግን ከዚያ ወዲያ አዳራሹን ረግጦ አያውቅም።

«ያ ሰውዬ» አለች ዴልቪና፣ «ልጄን ከተማ ፊት ራቁቱን አስቀረው። ወይ በረኛህን እመን፣ ወይ ከመጀመሪያው አታሰልፍ። እስከ ዛሬ ሱቅ ባገኘኝ ቁጥር ባርኔጣውን አውልቆ፣ ‹ማዳም ላብሬክ፣ ልጁ እንዴት ነው?› ይለኛል። ድፍረቱን አያችሁት? መልሼለት አላውቅም። ስሙ አግዳሚ ላይ ከሚጻፍ አግዳሚውን ፈልጣችሁ አንድዱት።»

«በዚህስ እማማ ከኔ ጋር ናቸው» አለ ሬዣን። «ጅብ ግቢ ውስጥ እያለ በር የሚከፍት ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ተቀጪ ይኖር ይሆናላ» አለች ሶላንዥ፣ እጅ ሳትሰጥ። «ዳኛው ክንዱን አንሥቶ ከሆነ በረኛውን ማስወጣት ትክክል ነው።»

«ዳኛው መች አነሣ። ያነሣው የመስመር ዳኛው ነው። ቴሪዮ ነው ክንድ የተምታታበት፤ በዚያ ዕድሜው እንደ ጀማሪ።»

«ምን ማለት ነው ክንድ?» አለች ዴልቪና።

ሬዣን ዐይኑን ወደ ኔልሰን ጣል አደረገ፤ አላልኳችሁም የሚል አስተያየት ነው። ከዚያ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ድምፁን አለሳለሰ። «ይኸውልዎት እማማ። ዋናው ዳኛ ክንዱ ላይ ብርቱካንማ ጨርቅ ያስራል። እሱ ክንዱን ካነሣ ባላጋራችን አጥፍቷል ማለት ነው። ፊሽካ የሚነፋው እነሱ ጎማዋን ሲነኩ ነው። ስለዚህ እስከዚያ ጎል ሊያገቡብን አይችሉም፤ በረኛችን ወጥቶ በቦታው አጥቂ ይገባል። የመስመር ዳኛው ግን ጨርቅ የለውም። እሱ ሲያነሣ የኛ ልጅ ሰማያዊውን መስመር ከጎማዋ ቀድሞ አልፏል ማለት ነው፤ ጨዋታው አይቆምም። ያኔ በረኛ ካወጡ አለቀልዎ።»

ዴልቪና ስኒውን ከፊቷ ገፋ አደረገች። ሻዩን አልጠጣችም።

ጎማዋን አይታ አታውቅም፤ ያን ቀን ያየችውን ግን ዐይኗን ስትጨፍን ዛሬም ታየዋለች። ኦሬል ቀና አለ። ወደ አግዳሚው አላየም። ያየው በሩቁ፣ በወዲያኛው ሰማያዊ መስመር ላይ ወደ ቆመ ሰው ነው። ሰውዬው አንድ ክንዱን እንደ ምሰሶ አቁሟል፤ እጅጌው ጥቁር ነው፣ ከላዩ ምንም የለበትም። ከዚያ በኋላ ነው ልጇ የሮጠው። ዐይኗ እሱን ተከትሎ እስከ አግዳሚው ድረስ ሄዷል። አግዳሚው ላይ ደግሞ የቴሪዮን ጀርባ አይታለች። ፊቱን አይደለም፣ ጀርባውን።

«ሬዣን» አለች ቀስ ብላ፣ «ያን ቀን አፍንጫህ ተሰብሮ አልነበረም?»

«እስከ ዛሬ ተጣሞ ያዩት የለም እንዴ?»

«ደሙን ማን ነበር የያዘልህ?»

«ቴሪዮ ነዋ። ጥጥ እየጎሰጎሰልኝ። እኔ አንገቴን ቀልብሼ ጣራ ጣራውን ነበር የማየው።»

«ሕዝቡ ሲጮህስ?»

«ሲጮህማ አፍንጫዬን እንደያዘ ነበር። ደንግጦ ዞረ፤ ጥጡ እጁ ላይ…» ሬዣን አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ቀረ። እጁ ወደ አፍንጫው ሄደና እዚያው ቆመ። «ራሱ ነው እኮ ጠራሁት ያለው» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«ፊቱን ወዳንተ አዙሮ ኦሬልን እንዴት ጠራው?» አለች ሶላንዥ። «ታዲያ ማን ነው…»

እሷም አልጨረሰችውም። ሰዉ ዴልቪናን ላለማየት ድንቹን ማየት ጀመረ።

ዴልቪና መልስ አጥታ የማታውቅ ሴት ናት። አሁንም አላጣችም፤ መልሱ ግን አፏ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች አቃጠላት። ብትውጠው አንድ ሽማግሌ እስኪሞት መሳቂያ ይሆናል። ብትተፋው ልጇ የከተማው አፍ ላይ ይወድቃል፤ የከተማውን አፍ ደግሞ ታውቀዋለች፣ ግማሹ የራሷ ነው።

ተነሥታ ካፖርቷን ቆለፈች።

«እኔ እስክመለስ ማንም ምንም እንዳይጥል» አለች። ማንም አልተከራከራትም።

የኦሬል ጋራዥ ከአዳራሹ ትይዩ ነው፤ በበረዶ ላይ የሚነዱ ሞተሮችን ይጠግናል። ከመስኮቱ የአዳራሹ በር ይታያል። ይህን ሁሉ ዘመን መስኮቱን በካርቶን ሸፍኖታል። ለብርዱ ነው ሲላት ታምነው ነበር። መንገዱን ስትሻገር ሌላም ነገር መጣባት። ቴሪዮን እራት ላይ በረገመች ቁጥር ኦሬል ሳህኑን ትቶ ወደ ጓሮ ይወጣ ነበር። ቁስሉ አገርሽቶበት ነው እያለች እርግማኑን ትጨምርለት ነበር። ያ ሰውዬ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ባርኔጣውን ይዞ፣ ‹ልጁ እንዴት ነው?› የሚለው ለካ ሊያሾፍባት አልነበረም። የጠየቀው ሊያውቅ ፈልጎ ነው። አንድ ቀን እንኳ ደኅና ነው ብላ አልመለሰችለትም።

ኦሬል ሞተር ሥር አጎንብሶ አገኘችው። ፀጉሩ ሸብቷል።

«ክንዱ ላይ ብርቱካንማ ጨርቅ ነበረ?» አለችው፣ ሰላም ሳትል።

ኦሬል የያዘውን የብሎን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ እንዳይጮህ ተጠንቅቆ።

«አልነበረም፣ እማ።»

«እሱ አልጠራህም።»

«አልጠራኝም። እኔ ነኝ ክንዱን አይቼ የወጣሁት። መልበሻ ክፍል ገብተን አፌን ሳልከፍት ወደ ጥግ ወሰደኝ። ‹እኔ ነኝ የጠራሁህ፤ ገባህ?› አለኝ። ከአንድ ትልቅ ቡድን መልማይ መጥቶ ሊያየኝ ነበር። ‹አንተ ገና ሃያ ዓመትህ ነው፤ እኔ ይህን መሸከም እችላለሁ› አለኝ። እኔም ገባኝ አልኩት።»

«ከትልቁ ቡድን የመጣ ሰው አለ?»

«ማንም አልመጣም። በኋላ ልናገር ስል እሱ ተባሯል። ከዚያ አንድ ዓመት አለፈ፣ ከዚያ አስር። ነገር ሲቆይ እንደዚህ በረዶ ነው እማ፤ መጀመሪያ ጠራርገህ የምትጥለው ነው፣ ሲከርም ግን ድጅኖም አይሰብረው።»

«እኔ ስረግመው እየሰማህ።»

«ወጥቼ እሄድ ነበር እኮ።»

«እግርህ ወጣ። አፍህ ግን አንድ ቀን አልወጣም።»

ዴልቪና አንድ ባልዲ ገልብጣ ቀጥ ብላ ተቀመጠችበት። ልጇን አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ እሱን ብቻ ስታይ ኖራ ይህ አምልጧታል። ጎማዋን የሚያዩት ልጁን አላዩም፤ ልጁን ያየችው እሷም ክንዱን አይታ ምን እንደሆነ አላወቀችም። ሁሉም የየራሱን አየ፤ ዕዳው የተጫነው ግን በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ነው።

እዚያ ማዶ ያሉት ሰዎች ማን ምርጥ አሠልጣኝ እንደነበር ይከራከራሉ። ዋንጫ ይቆጥራሉ። የእሷን ልጅ ከከተማ አፍ ያዳነውን ሰው ግን ከሶላንዥ በቀር የሚያነሣው የለም።

ከኪሷ ጎማዋን አወጣችና ወደ ልጇ ዘረጋቻት። ኦሬል አያት እንጂ አልተቀበላትም።

«ይስቁብኛል» አለ።

«ይሳቁ። እኔም ሲስቁብኝ ኖሬያለሁ፣ አልሞትኩም። በሌላ ሰው ሲሳቅ አንተ እዚህ ተደብቀህ መኖርህ ነው ያሳፈረኝ። መውጣትህ ስሕተት ነው፤ ስሕተት የወጣት ነው፣ እሱን ማንም ይምርሃል። ዝምታህ ግን የሽማግሌ ነው፤ አሁን ሸብተሃል።»

ጎማዋን በመዳፉ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን በራሷ ጣቶች አጠፈችበት።

«ተነሣ፣ እጅህን ታጠብ። ባልዲዎቹ ሳይነሡ ከኔ ጋር ትገባለህ። ክንዱ የማን እንደነበር ሬዣን ፊት ቆመህ ትናገራለህ፤ ከዚያ ይቺን ከቴሪዮ ፎቶ ሥር ትጥላታለህ። ስትጨርስ መኪናህን አስነሥተህ ወንዙን አሻግረህ ቴሪዮ ቤት ታደርሰኛለህ። ልጁ እንዴት ነው ብሎ ለጠየቀኝ ሰው መልስ አለብኝ፤ መልሱን ደግሞ አንተ ራስህ በሩ ላይ ቆመህ ትሰጠዋለህ።»