ቤታቸው የበላባቸው ልጆች

ሙኒር መልማይ ነው። የማንም ቡድን ቅጥረኛ አይደለም፤ ከጓደኛው ከእንድርያስ ጋር የበረዶ ሆኪ የሚጫወቱ ጎረምሶችን በየከተማው እየዞረ ያያል፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ በተራ ያስቀምጣል፣ ለሚገዛ ሁሉ ያወጣል። ቡድኖች ለድራፍት፣ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ ለሚመርጡበት ቀን፣ ሲዘጋጁ ከሚያገላብጡት ነገር አንዱ የእነዚህ ሁለቱ ደረጃ ነው። በረዶ ከማቀዝቀዣ ውጪ በማይታይበት በአትላንታ፣ ከሥራ ሁሉ መርጦ እዚህ ውስጥ መግባቱ እናቱን ሱልጣናን እስከ ዛሬ ያስቃታል። «ሰው ሐኪም ይወልዳል፣ እኔ የበረዶ ዳኛ ወለድኩ» ትላለች። እሷ ትበል እንጂ፣ ሌላ ሰው ቢለው ግን ወዮለት።

አሠራራቸው ጥብቅ ነው። ለየብቻ ያያሉ፣ ለየብቻ ደረጃ ይሰጣሉ፣ እስኪጨርሱ ስለ አንድም ልጅ አያወሩም። ከዚያ ይከፍቱታል። በጣም የተራራቁበት ልጅ ካለ እስኪግባቡ ይጨቃጨቃሉ። በየዓመቱ ደግሞ የዱሮውን ደረጃ አውጥተው፣ የሰቀሉት የት እንደወደቀ፣ የናቁት የት እንደደረሰ አይተው ስህተታቸውን በገዛ ስማቸው ይጽፋሉ። ሌላው መልማይ እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። የሳተውን ቀብሮ ባገኘው ብቻ ሲጨፍር ይከርማል።

የዘንድሮው ጣጣ የመጣው በመህዲ ነው። መህዲ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ተከላካይ ነው፣ የሸረፈዲን ልጅ ነው። ሸረፈዲን ማለት እዚያው አትላንታ ዳርቻ ኢስት ፖይንት የሚኖር፣ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ የደሴ ሰው ነው። የሙኒር አባት ሲሞት ጀናዛውን ያጠበው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ዒድ በመጣ ቁጥር እናትና ልጅ የሚበሉት እሱ ቤት ነው። ይህንን ልጅ ነው እንግዲህ ሙኒር ሰባ አንደኛ ያደረገው። ሲከፍቱት እንድርያስ ሃያ አራተኛ ብሎታል።

ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካለችው ምግብ ቤት ምሳ አዝዘው ተቀምጠው ነበር። ደረጃው የሚወጣው ዓርብ ነው። ሙኒር ልጁ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ይከብደዋል ብሎ ጀመረ፤ እንድርያስ ከእሱ የባሰውን ሠላሳኛ አድርገሃል አለው። ሙኒር ሌላ ምክንያት አመጣ፣ ያም አልያዘለትም። ሦስተኛ ፍለጋ ላይ እያለ እንድርያስ ሹካውን አስቀመጠ።

«የስህተታችንን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንድ ነገር አየሁ» አለው። «የናቅካቸው፣ በኋላ ያሳፈሩህ ልጆች፣ ሁሉም ጋ ቤታቸው በልተሃል።»

ሙኒር የሚያሾፍበት መሰለው። እንድርያስ ግን አንድ በአንድ አስታወሰው። ሚኒሶታ ላይ ሾርባ ሠርታ ካላጎረስኩህ ያለችው እናት ልጅ። መንገድ በበረዶ ሲዘጋ ያሳደሩት አዛውንት የልጅ ልጅ። ሁሉንም ጥሏቸዋል፣ ሁሉም ዛሬ ትልልቅ ቡድን ውስጥ ናቸው።

«የኔ በሽታ ረጅም ልጅ ሳይ መፍዘዝ ነው፣ ታውቃለህ። ያንተ ደግሞ ይሄ ነው። ሰው ያበላውን ያነሳል፣ አንተ ትጥላለህ። አዳላ እንዳትባል።»

ሙኒር መጀመሪያ ተቆጣ፣ ፊቱ ቀላ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ለዓመታት ያሰቃየውን ጥርስ ሐኪም በጣቱ ነክቶ ይሄ ነው እንዳለው ሰው ትከሻው ወረደ። ስህተቱ ሲደራረብበት ዓይኔ ሞቷል ብሎ ነበር። ይህን ሥራ ልተወው ይሆን እያለ ክረምቱን ሙሉ ለብቻው ሲብሰለሰል ከርሟል። ለካ ዓይኑ ደህና ነው። ያበላሸው ይሉኝታው ነው።

ከሰዓት ስልኩን ዘግቶ የመህዲን ጨዋታዎች እንደገና አየ። ልጁ ሲገፉት አይደነግጥም፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ሌላው ገና ሳያስብ ፓኩን፣ ያቺን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ይለቃል። ሃያ ስምንተኛ አደረገው፤ በግራ ሲዞር መዘግየቱን አልማረለትም። እንድርያስም ተስማማ።

ቀርቶ የነበረው ፍርሃት ብቻ ነው። መስጊድ ውስጥ «የበላበትን ከፈለ» የሚል አይጠፋም። እናቱ ጋ ሄዶ ነገራት፤ ባለፈው ዒድ ከሸረፈዲን ቤት ሲወጡ የዚህን ልጅ ነገር በየቦታው እንዳታወራ ያለችው እሷ መሆኗንም አልሸሸገም።

«ዝም በል አልኩህ እንጂ ቅበረው አልኩህ?» አለችው ሱልጣና።

«እማዬ፣ እንደዚያ ነው የመሰለኝ።»

«ሲመስልህ ትኖራለህ። ይሄን ሁሉ ዩኒቨርስቲ ያስተማርኩህ፣ ሰው ምን ይለኛል እንድትል ነው? እሱንማ እዚሁ ቤት በነፃ አስተምርህ ነበር።»

ከዚያ ነገሩ ከመውጣቱ በፊት ለሸረፈዲን በአፉ እንዲነግረው አዘዘችው። ሙኒር ምንም አያስፈልግም አለ። እሷ ግን ቦርሳዋን አንስታ፣ አንተ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ፣ እኔ ስናገር ደግሞ ታውቀኛለህ አለችው። ያውቃታል። ተነሣ።

ሸረፈዲንን ያገኘው ሾፌሮች ጥሪ በሚጠብቁበት የኤርፖርቱ ፓርኪንግ፣ የመኪናውን መስተዋት ሲወለውል ነው። ሰላምታው ብዙ ወሰደ፤ ጤና፣ ቤት፣ ሥራ፣ እናት። ሲያልቅ ሙኒር በቀጥታ ገባበት።

«ጋሼ፣ መህዲን ዝቅ አድርጌው ነበር። ይገባዋል ብዬ አይደለም፣ የቤታችሁ ሰው ስለሆንኩ ነው። አሁን አስተካክዬዋለሁ።»

ሸረፈዲን መወልወሉን አላቆመም። ስንተኛ እንዳደረገው ጠየቀ።

«ሃያ ስምንተኛ።»

«በዝቷል» አለ ሸረፈዲን። ልጁ በግራ መዞር እንደማይችል፣ ጫማውን በር ላይ በትኖ እንደሚገባ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ሰው ፊት ማቆም ነውር እንደሆነ ዘረዘረ። ይሄም ያው በሽታ ነው፤ የደሴ ሰው ልጁን ራሱ አያመሰግንም፣ ሌላ ሲያመሰግንለትም ዓይን ይፈራል።

«ማሻ አላህ በል ቢያንስ» አለው።

«ማሻ አላህ። ግን ጋሼ፣ ጓደኛዬ ሃያ አራተኛ ነበር ያለው።»

«እሱስ ያውቀናል?»

«በስምም አያውቃችሁም።»

ሸረፈዲን ጨርቁን አጠፈ፣ እንደገና ዘረጋው፣ የጸዳውን መስተዋት አንዴ ወለወለ።

«እንዲያው ለነገሩ» አለ፣ «አንተ ለምንድን ነው ታዲያ ሃያ አራተኛ ያላደረግከው?»

ሙኒር ሳቀ። ከሆዱ ነበር የሳቀው፤ አጠገቡ ያሉት ሾፌሮች ዞረው አዩት። በግራ መዞር አይችልም ብለው አሁን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት አለው። ሸረፈዲን ደግሞ፣ መህዲ ገና ልጅ ነው፣ እየተማረ ነው፣ ይዞራል አለ፤ ፈገግታውን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ኤርፖርቱ አዞረ። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ፣ መንገደኛ መጣለት፣ ለእናትህ ሰላም በልልኝ ብሎ መኪናውን አስነሣ።

ሙኒር የራሱ መኪና ውስጥ ገብቶ ደረጃውን፣ መህዲን ሃያ ስምንተኛ ላይ እንዳለ፣ እዚያው ለእንድርያስ ሴንድ አደረገለት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ አውሮፕላኖቹ ከላዩ እየተነሡ፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወሰደው። የጥበቃው ሰው መስኮቱን አንኳኩቶ እዚህ መተኛት ክልክል ነው ሲለው፣ ሽልማት እንደሰጠው ሁሉ አመስግኖት ወጣ።